ከኋላ የቀረውን መጠበቅ

(በሬዲዮ የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በባልደረቦቻቸውና መንገዳቸውን በመልካም በተከተሉ ሁሉ ላይ ይሁን።

 

ለዛሬው ንግግሬ መነሻ የሆነኝ አንዲት እህት ያቀረበችልኝ ጥያቄ ነው። «ባለቤቴ ከልጅነት ጓደኞቹ ጋር ቅዳሜና እሑድን ተራራ በመውጣት ሊያሳልፉ ተቀጣጥረዋል። ሁሉም አርባ ዓመት ያለፋቸው የልጆች አባቶች ናቸው። ይህ ጊዜ ማባከን አይደለም ወይ?» አለችኝ። የልጆቹ ቂርኣት ክትትል፣ የዘመድ ጥየቃውና የቤቱ ጉዳይ ሁሉ የሚጠብቀው እነዚሁኑ ሁለት ቀናት መሆኑንም አከለችበት።

ጥያቄዋ ተገቢ ነው። መልሱ በአጭሩ ይህ ነው፦ ጉዞው በራሱ ሙባሕ፣ ማለትም የተፈቀደ ነገር ነው። አጅር የሚገኝበት ወይም ጊዜ የሚባክንበት የሚሆነው በኒያውና በመንገዱ ላይ በሚሠራው ሥራ ነው። ይህን ሰፋ አድርገን እንመልከተው።

ተራራ በሙስሊም ዓይን

ቁርኣን ተራራን ደጋግሞ ያነሳል። በሱረቱል ጋሺያ አላህ (ሱ.ወ.) ሰዎች ግመልን፣ ሰማይን፣ ተራሮችንና ምድርን ተመልክተው እንዲያስተነትኑ ያነሳሳል። በሱረቱ ነበእ ተራሮች በችካል ተመስለዋል። በሱረቱል ኢስራእ ደግሞ የሰው ልጅ በምድር ላይ እየተንጎራደደ እንዳይሄድ ተከልክሏል፤ የቱንም ያህል ቢኮራ በቁመት ተራራ ላይ አይደርስምና። ይህን ትምህርት አንድ ሰው ከተራራ ሥር ቆሞ ሽቅብ ሲያይ ያለ አስተማሪ ይረዳዋል።

የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ታሪክም ከተራሮች ጋር የተሳሰረ ነው። የመጀመሪያው ወሕይ የመጣላቸው መካ አጠገብ በሚገኘው በጀበለ ኑር፣ በሒራእ ዋሻ ውስጥ ሳሉ ነው። ሰባ ያህል ሶሐቦች ሸሂድ የሆኑበትን የኡሑድን ተራራ እንኳ እንደሚወዱትና እርሱም እንደሚወዳቸው ተናግረዋል። እንደ ኢትዮጵያ ሳይሆን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ622 ዓ.ም. ወደ መዲና ሲሰደዱ ከአቡበክር ሲዲቅ (ረ.ዐ.) ጋር ሦስት ሌሊት የተጠለሉት በሠውር ተራራ ዋሻ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ቁርኣን በሱረቱ ተውባ ያንን ጊዜ ሲያወሳ አቡበክርን በስማቸው አልጠራቸውም። የነቢዩ ጓደኛ ብሎ ነው የጠራቸው። ይህ ትልቅ የክብር ስም የተሰጣቸው በምቾት ቀን አይደለም፤ ጠላት ከዋሻው ደጃፍ በደረሰበት ሰዓት ነው። ጓደኝነት የሚመዘነው እንደዚያ ባለ ቦታ ነው።

የእኛም አባቶች ለተራራ እንግዳ አልነበሩም። እኔ ያደግሁት ወሎ ውስጥ፣ ደሴ ከተማ ነው። በየጁ ዳናን፣ በቃሉ ጋታን የመሳሰሉ የዒልም ማዕከላት ስማቸው የታወቀው ደረሶች ከሩቅ አገር በእግራቸው እየመጡ ስለተማሩባቸው ነው። አንዱ ዘንድ ፊቅሕ፣ ሌላው ዘንድ ነሕው ለመቅራት ደረሳው ኪታቡን አዝሎ፣ ስንቁን ቋጥሮ፣ ገደል ወርዶ ዳገት ይወጣ ነበር። ታዲያ ብቻውን አይሄድም፤ ሁለትና ሦስት ሆኖ ነው የሚጓዘው። በመንገድ የተጀመረው ጓደኝነት ሸይኽ ሆነው ሪዛቸው እስኪሸብት ድረስ አብሯቸው ይዘልቅ ነበር።

የድሮ ጓደኛ ሐቅ

አሁን ወደ ጥያቄው ልብ እንግባ። «አርባ ዓመት ያለፈው ሰው ከልጅነት ጓደኛው ምን ይፈልጋል?» ልንል እንችላለን። ሥራ አለ፣ ትዳር አለ፣ ልጆች አሉ፣ ጎረቤት አለ፣ ጀመዓ አለ። የድሮው ጓደኛ በለቅሶና በኒካሕ ቀን ከተገናኘ ይበቃል የምንል ብዙዎች ነን።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ግን እንዲህ አላደረጉም። ኸዲጃ (ረ.ዐ.) ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንኳ በግ ሲያርዱ ሥጋውን ለእርሳቸው ጓደኞች ይልኩ ነበር። አንዲት አሮጊት ሊጠይቋቸው ቤት በመጡ ጊዜ እጅግ አክብረው ተቀበሏቸው። ምክንያቱን ሲጠየቁም ሴትዮዋ በኸዲጃ ዘመን ቤታቸው ይመጡ እንደነበርና የድሮን ወዳጅነት መጠበቅ ከኢማን መሆኑን አስረዱ።

ዐብደላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) ወደ መካ ሲጓዙ አንድ የገጠር ሰው መንገድ ላይ አገኙ። የሚጋልቡትን አህያ ሰጡት፤ ከራሳቸው ላይ ጥምጥማቸውን ፈትተው ጨመሩለት። አብረዋቸው የነበሩት ሰዎች ተገረሙ። እኚህ የገጠር ሰዎች በትንሽ ነገር ይደሰታሉ፣ ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ አሏቸው። መልሳቸው አጭር ነበር፦ የዚህ ሰው አባት የአባቴ የዑመር ወዳጅ ነበር። የአባትን ወዳጅ ማክበር ከመልካም ሥራዎች ሁሉ የላቀ መሆኑን ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስማታቸውንም ነገሯቸው። ስለዚህ አባት የድሮ ጓደኞቹን ሐቅ ሲጠብቅ ለልጆቹም ውርስ እያኖረላቸው ነው።

ስለ ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) የሚነገረውም ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ነው። አንድ ሰው ስለ ሌላው ሰው መልካምነት ሊመሰክር መጣ። ዑመር ሦስት ነገር ጠየቁት። ጎረቤቱ ነህ ወይ? አብረኸው በገንዘብ ተገበያይተሃል ወይ? አብረኸው ተጉዘሃል ወይ? ሰውየው ሦስቱንም አላደረኩም ሲል፣ እንግዲያውስ አታውቀውም አሉት። እነዚህን ሁለቱን፣ ጉዞንና ገንዘብን፣ አደራ ያዙልኝ። አሁን በምነግራችሁ ታሪክ ውስጥ ሁለቱም ይመጣሉ።

ጦሳ ላይ የሆነው

ይህን ታሪክ የምናገረው የሁለቱንም ባለጉዳዮች ፈቃድ ጠይቄ ነው። ስማቸውን አላነሳም።

በ2015 ዓ.ም. በጥር ወር በልጅነት አንድ መድረሳ የቀራን ስድስት ሰዎች ደሴ ላይ ተሰበሰብን። አንዱ መምህር ነው። አንዱ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። አንዱ ነጋዴ ነበር። አንዱ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። አንዱ ከአዲስ አበባ መጣ። ስድስተኛው እኔ ነኝ። ቅዳሜን አብረን አመሸን። እሑድ ሱብሒን በጀመዓ ሰግደን ከከተማው በስተ ምዕራብ ወዳለው ወደ ጦሳ ተራራ አቀናን። በሶና ቴምር ይዘናል፤ ሻይ በፔርሙዝ ተይዟል። ደሴ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከእሷም ወደ ላይ መውጣት ማለት በጥር ብርድ ቀላል አይደለም።

በሱንናው መሠረት ሦስት ሰዎችና ከዚያ በላይ ለጉዞ ሲወጡ አንዱን አሚር ያደርጋሉ። እኛም መምህሩን አሚር አደረግን። ገና ግማሽ ሰዓት ሳንሄድ ቡድናችን ሁለት ቦታ ተከፈለ። ሹፌሩ ጉልበታም ነውና ፊት ፊት ይገሰግሳል። ነጋዴው ደግሞ ሲያለከልክ ወደ ኋላ ቀረ። አሚራችን አስቆመንና ትእዛዝ ሰጠ። «ደካማው ከፊት ይሁን፤ እርምጃውን የሚወስነው እርሱ ነው። ብርቱው ከኋላ ሆኖ ይጠብቀው» አለ።

ይህ ትእዛዝ ከሱንና የተወሰደ ነው። ጃቢር (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በጉዞ ላይ ወደ ኋላ ይቀሩ ነበር። ደካማውን ያበረታታሉ፤ የደከመውን ከኋላቸው ያፈናጥጣሉ፤ ዱዓም ያደርጉላቸዋል። የሰራዊት መሪ ሆነው ሳሉ ቦታቸውን የሚመርጡት ከደካሞቹ ጎን ነበር።

አሚራችን ያላወቀው ነገር ግን ነበረ። ሹፌሩና ነጋዴው ከዓመት በላይ ሰላምታ አቋርጠው ነበር። ነጋዴው ከጦርነቱ ጥቂት ወራት አስቀድሞ ሸቀጥ ለመጨመር ከሹፌሩ ገንዘብ ተበድሯል። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ቤተሰቡን ይዞ ሸሸ፤ ሲመለስ ሱቁ ባዶ ሆኖ ጠበቀው። ከዚያ ወዲህ ሹፌሩን ባየ ቁጥር መንገድ ይቀይራል። ጁሙዓ እንኳ ሌላ መስጂድ መስገድ ጀመረ። ሹፌሩም ነገሩን ለማንም አልተናገረም፤ ውስጥ ውስጡን ግን ቆስሏል። ይህ ሁሉ ሲሆን የቀረነው አራታችን በአንድ ከተማና በአንድ አገር እየኖርን አልሰማንም ነበር።

በአሚሩ ትእዛዝ ሁለቱ ጎን ለጎን መሄድ ግድ ሆነባቸው። ዳገቱ ረጅም ነው። ለመጀመሪያው ሩብ ሰዓት አንዳቸውም አልተነፈሱም። ከዚያ ነጋዴው ድንጋይ አዳልጦት ሲንገዳገድ ሹፌሩ ክንዱን ያዘው። ያኔ ነው ነገሩ የፈነዳው።

«ሰላምታህን ካጣሁ ዓመት አለፈኝ» አለው ሹፌሩ። «ብሩን አንድም ቀን አልቆጠርኩትም፤ አንተን ግን ቆጠርኩ።»

ነጋዴው ቆመ። «ባዶ እጄን ምን ብዬ ፊትህ ልቁም? ልጆችህ ፊት ያዋረድኩህ መሰለኝ። አፉ በለኝ» አለው።

«አብሽር፤ እኔም አፉ ብያለሁ» አለው ሹፌሩ። «ግን ዝም ብለህ አትሽሸኝ። ሰው ሱቁ ሲያልቅበት ወደ ጓደኛው ይሄዳል እንጂ ከጓደኛው ይሸሻል እንዴ?»

እኛ ከላይ ቆመን ስንጠብቅ ሁለቱ ዘግይተው ደረሱ። ዓይኖቻቸውን ስናይ አንድ ነገር እንደሆነ ገባን። ራሳቸው ነገሩን።

ብድርና ወዳጅነት

ውድ አድማጮቻችን! ይህን ታሪክ ያነሳሁት ለማስለቀስ አይደለም። በየከተማችን እንዲህ ተለያይተው የቀሩ ስንት ወዳጆች እንዳሉ እያንዳንዳችን እናውቃለን። የብዙዎቹ መለያያ ደግሞ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ዲናችን በዚህ ላይ ምን እንዳለ እንመልከት።

በሱረቱል በቀራ አላህ (ሱ.ወ.) ባለዕዳው የተቸገረ ከሆነ እስኪያገኝ ድረስ ጊዜ እንዲሰጠው አዟል። ዕዳውን ሰደቃ አድርጎ መተው ደግሞ ለአበዳሪው የተሻለ መሆኑን ነግሮናል። ጊዜ መስጠቱ ግዴታ ነው፤ መተዉ ትሩፋት ነው። ሹፌሩ ሁለቱንም አደረገ። ከብድሩ ከፊሉን ተወለት፤ ለቀረው ጊዜ ሰጠው።

ከዚህ አያት ቀጥሎ የሚመጣው ሌላው የብድር አያት በቁርኣን ውስጥ ካሉት አያቶች ሁሉ ረጅሙ ነው። ትእዛዙም ብድር እንዲጻፍና ምስክር እንዲቆምበት ነው። የእኛ ሰው ግን «በወዳጅ መካከል ወረቀት ምን ያደርጋል?» ይላል። ወረቀቱ አለመተማመንን አያመለክትም፤ ወዳጅነቱን ከመርሳትና ከጥርጣሬ ይጠብቀዋል። የእነርሱም ብድር አልተጻፈም ነበር። ጦሳ አናት ላይ መምህሩ ከቦርሳው ደብተር አወጣ፤ የቀረው ገንዘብ፣ በየወሩ የሚከፈለውና የሚያልቅበት ቀን ተጻፈ፤ እኛም ፈረምን።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። አንዳንድ ሰው የተወውን ብድር «ከዘካዬ ይታሰብልኝ» ይላል። በአብዛኞቹ ዑለማእ ዘንድ ዕዳ መተው ብቻውን ዘካ ሆኖ አይቆጠርም። ነገር ግን መክፈል ያቃተው ባለዕዳ በሱረቱ ተውባ ከተጠቀሱት ስምንት የዘካ ተቀባዮች አንዱ ነው። ስለዚህ ሌሎች ወዳጆች ከዘካቸው ሊረዱት ይችላሉ። እኛም ዘካ የሚደርስብን በዚህ መንገድ ተነጋገርን።

ባለዕዳውም ሐቅ አለበት። መሸሽ ዕዳን አይቀንስም፤ በዕዳው ላይ የወዳጅን ሐዘን ይጨምራል እንጂ። የሚከፍለው ባይኖረው እንኳ «አሁን የለኝም፤ አልረሳሁህም» ማለት ምንም ወጪ የለውም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሙስሊም ወንድሙን ከሦስት ቀን በላይ እንዲያኮርፍ አልፈቀዱም። ሥራዎች ሰኞና ሐሙስ ለአላህ ሲቀርቡ የተኳረፉ ሰዎች ምሕረት እስኪታረቁ ድረስ እንደሚዘገይ አስተምረዋል። ዓመት ሙሉ የተኳረፈ ሰው ስንት ሰኞና ስንት ሐሙስ እንዳለፈው ራሱ ይቁጠረው።

ለሚሄዱ ሰዎች

አሁን ለእንዲህ ያለ ጉዞ ለሚያስቡ ጥቂት ነገር ልበል።

አንደኛ፦ የቤተሰብን ሐቅ አስቀድሙ። ሰልማን (ረ.ዐ.) አቡ ደርዳእን (ረ.ዐ.) ቤተሰብህ በአንተ ላይ ሐቅ አለው ብለው ሲመክሯቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰልማን ልክ መሆናቸውን አረጋግጠዋል። ነቢዩ ራሳቸው በጉዞ ላይ ከዓኢሻ (ረ.ዐ.) ጋር ሩጫ ተሽቀዳድመዋል። ስለዚህ ለጓደኞቹ ተራራ የሚወጣ አባወራ ለሚስቱና ለልጆቹም ሌላ እሑድ ይኑረው። ጠያቂዋ እህት ይህን የመጠየቅ ሙሉ መብት አላት።

ሁለተኛ፦ ሶላትን በሰዓቷ ስገዱ። ከከተማ አጠገብ ያለ ተራራ ወጥቶ በዚያው ቀን መመለስ ሶላት የሚያሳጥር ጉዞ አይደለም። በአብዛኞቹ ዑለማእ ዘንድ የሚፈለገው ርቀት 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ውሃው ለመጠጥ ብቻ የሚበቃ ከሆነና ሌላ ካልተገኘ ተየሙም ይቻላል። በውዱእ ላይ ኹፍ ያጠለቀ የአገሩ ነዋሪ አንድ ቀን ከነሌሊቱ፣ መንገደኛ ደግሞ ሦስት ቀን ከነሌሊታቸው በላዩ ላይ ማበስ ይችላል። ቂብላን በተመለከተ መካና ደሴ በአንድ የኬንትሮስ መስመር ግድም ስለሚገኙ ለደሴ ሰው ቂብላ ማለት ይቻላል ቀጥታ ሰሜን ነው። በጥር ወር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል እኩለ ቀን ላይ የሰው ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል። እኛም ዙህርን ስንሰግድ ኮምፓስ አላስፈለገንም፤ ጥላችን ከፊታችን ቂብላውን እያመለከተ ነበር።

ሦስተኛ፦ ምላሳችሁን በዚክር አርጥቡ። ሶሐቦች ሽቅብ ሲወጡ «አላሁ አክበር»፣ ቁልቁል ሲወርዱ «ሱብሓነላህ» ይሉ ነበር። የድሮ ጓደኞች ሲገናኙ ወሬው በቀላሉ ወደ ሐሜት ይዞራል። ያልመጣውን ጓደኛ ማማት ይጣፍጣል፤ ያልመጣው ግን ምናልባት ለመምጣት ያፈረው ነው።

አራተኛ፦ ጤናችሁን ጠብቁ። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ በየ1,000 ሜትሩም በአማካይ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀዘቅዛል። ደም ብዛት፣ የልብ ሕመም ወይም ስኳር ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። የስኳር መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ረጅም እርምጃ የደሙን ስኳር ሊያወርድበት ስለሚችል ቴምር ወይም ከረሜላ ከኪሱ አይለየው። የአካባቢውን ጸጥታ ሳታጣሩ አትውጡ፤ ራስን ለአደጋ ማጋለጥ አልተፈቀደም። የገበሬ ማሳ አትርገጡ፤ ላስቲክና ጠርሙስ ጥላችሁ አትውረዱ። ከመንገድ ላይ የሚያስቸግርን ነገር ማንሳት የኢማን ቅርንጫፍ ነው፤ መጣል የማን ቅርንጫፍ እንደሚሆን አስቡት።

አምስተኛው ከሁሉም የሚበልጠው ነው፦ ብርቱው ከኋላ ይሁን። ተራራ ላይ የሚቀድም ሰው ሽልማት የለውም። ኑሮም እንዲሁ ነው። አብረን «አሊፍ፣ ባ» ካልን ልጆች መካከል አንዱ ቤት ሠራ፣ አንዱ መኪና ገዛ፣ አንዱ ውጭ አገር ሄደ። አንዱ ደግሞ በሕመም፣ በኪሳራ፣ በጫት ወይም በትዳር መፍረስ ከኋላ ቀረ። ከኋላ የቀረው ሰው አይደውልም። ስልክ ሳያነሳ ሲቀር «ኮራብን» እንላለን። ብዙ ጊዜ ግን ኩራት ሳይሆን እፍረት ነው። መደወል ያለበት ከፊት ያለው ነው፤ ትንፋሽ የተረፈው እርሱ ነውና።

በሱረቱል አሕዛብ መጨረሻ አላህ (ሱ.ወ.) አማናን ለሰማያት፣ ለምድርና ለተራሮች አቅርቦ ሊሸከሙት እንደፈሩና የሰው ልጅ ግን እንደተሸከመው ይነግረናል። ተራራ የፈራውን የተሸከምን እኛ ነን። አብሮ ያደገ ጓደኛም ከዚህ አማና ውስጥ ይገባል።

እናም ለእህታችን መልሴ ይህ ነው። ባለቤትሽ ይሂድ። ስንቁን አዘጋጂለት፤ ሲመለስም ማን መጣ ብለሽ ጠይቂው፤ ማን ሳይመጣ ቀረ የሚለውንም አትርሺ። የቀረ ካለ በቀጣዩ ጁሙዓ ከቤታችሁ ምሳ ይብላ። ያኔ የእርሱ ጉዞ የአንቺም አጅር ይሆናል።

አድማጮቼ ሆይ! ይህ ፕሮግራም እንዳለቀ ስልካችሁን አንሱና ከዓመት በላይ ድምፁን ያልሰማችሁትን አንድ የድሮ ወዳጅ ፈልጉ። ወንዱ ለወንድሙ፣ ሴቷ ለእህቷ ትደውል። ብድር የለብህም፣ ጥያቄ የለኝም፣ ለሰላምታ ነው በሉት።

አላህ (ሱ.ወ.) የተኳረፉትን ያስታርቅልን፤ ባለዕዳዎችን ከዕዳቸው ያውጣልን፤ ከኋላ የቀሩትን የምንጠብቅ ያድርገን፤ ለአገራችን ሰላም ያውርድልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።